የውስጥ ልብስን በስሙ የጠሩት ወይዘሮ ባየሽ ምናለ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከሸሕዲ፣ ከአብርሃ ጅራና ከሳንጃ በዚህ ሐሩር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ይህን የሚያነብላችሁ የሟች ታናሽ ወንድም መምህር ደምለው ምናለ ሲሆን፣ ጽሑፉን ግን፣ ዛሬ ከተጨመሩት ጥቂት መስመሮች በቀር፣ ሟች ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት አልጋቸው ላይ ሆነው መስመር በመስመር አስነብበው፣ ያልወደዱትን አስፍቀው፣ "ለቅሶ ነው ብለህ ድምፅህን እንዳታቀጥን!" ብለው አስጠንቅቀው ያጸደቁት ነው። አንድ አደራም ሰጥተዋል፤ የሞቱበት በሽታ "ባደረባቸው ሕመም" ተብሎ እንዳይሸፈን፣ በሙሉ ስሙ እንዲጠራ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ዛሬ ጠዋት "ይቅር፣ ነውር ነው" ብለው መክረዋል፤ ወንድማቸውም ቃሉ ከአፉ ይወጣ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለም።

ወይዘሮ ባየሽ ከአባታቸው ከአቶ ምናለ ሰማኸኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች በ1963 ዓ.ም. በሳንጃ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩና፣ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ ያደጉት ባየሽ በሰባት ዓመታቸው ደንበኛ በተሰበሰበበት "አባዬ፣ ሙታንታ ለምን ሙታንታ ተባለ?" ብለው ቢጠይቁ የተሰጣቸው መልስ አንድ ኩርኩም ሆነ። እውነተኛው መልስ እስኪገኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሳንጃ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ተከታትለው፣ በአማርኛ ከክፍሉ አንደኛ፣ በሒሳብ ደግሞ ከኋላ አንደኛ ሆነው ፈጽመዋል። በ1985 ዓ.ም. ከትራክተር ነጂው ከአቶ ፀሐዩ ጋር በሕግ ተጋብተው ጥቂት ዓመታት በሸሕዲ ከኖሩ በኋላ ወደ መተማ ዮሐንስ ወረዱ፤ ካሌብንና ሀኒንም ወለዱ።

በመተማ ከድንበር ማዶ በሚገባ ሸቀጥ የሴቶች የውስጥ ልብስ መሸጫ ከፈቱ። ታዲያ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት እኅቶቻችን ሱቁ በር ላይ ቆመው ወንድ እስኪወጣ ይጠብቁና፣ በከንፈራቸው እየጠቆሙ "እስቲ ያንን ስጭኝ" ይላሉ፤ "የቱን?" ሲባሉ "ያንን የማይባለውን!" ይላሉ። ሳይለኩና ሳይጠይቁ በግምት ገዝተው ስለሚሄዱ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ማሰሪያው ገላቸውን እየላጠው ይመለሱ ነበር። ወይዘሮ ባየሽም ነገሩ ቢያንገበግባቸው በሱቁ ግድግዳ ላይ በትልቁ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ስሙን በአገሯ ቋንቋ ጮክ ብላ ለጠራች ሳሙና ይመረቅላታል።"

ያኔ ነው ጉዱ የጀመረው! ከገላባት የተሻገሩ የሱዳን ሴቶች "ሱንቲያን!" አሉ፤ አንዲት የትግራይ ሴት "መትሓዚ ጡብ!" አለች፣ የጡት መያዣ ማለቷ ነው፤ ሳሙናው በሳምንት አለቀ፣ ደብተሩ ግን መሙላት ጀመረ። ካሌብ በስልኩ፣ በኋላም ስደተኞችን ልትረዳ የመጣች አንዲት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሐኪም እያገዟቸው የእያንዳንዱን ቃል ዘር ማንዘር ቆጠሩ። ሙታንታ ከጣሊያኖች የመጣ፣ ሥሩም "ሊቀየር የሚገባው" ማለት ሆኖ ተገኘ፤ "እንግዲህ አባዬ በከንቱ ነው የኮረኮሙኝ!" ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት። ሱንቲያን ከፈረንሳይኛ ወደ ዓረብኛ የገባ ሲሆን ትርጉሙ "ድጋፍ" ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሙሉ ስሙን ሲጠሩት ግን "የጉሮሮ ድጋፍ" ይሉታል፣ ደረትን በጨዋ አነጋገር ጉሮሮ ሲሉ ኖረዋልና። ይህን የሰሙ ዕለት "እነሱም ያፍራሉ ለካ!" ብለው እያጨበጨቡ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ብራ የሚባለውም በፈረንሳይኛ "ክንድ" ከሚለው ቃል የተወለደ ነው። ቀሚስና ሸሚዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ በዓረብ፣ ሌላው በፈረንሳይ በኩል ዞሮ አገራችን ላይ ተገናኙ! ላንጀሪ ተብሎ በቄንጥ የሚጠራው ደግሞ መነሻው ተልባ ነው፤ ከተልባ ግንድ ክር ይፈተላልና። "እኛ የምንጠጣውን እነሱ ለበሱት!" ያሉትን መተማ እስከ ዛሬ እየተቀባበለ ይስቃል።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ይህ የሚያነበው ወንድማቸው "የመምህር እኅት ሆነሽ!" እያለ ደብተሩን እንዲያቃጥሉት ለምኗቸዋል፤ ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።

የውስጥ ልብስ ስም በነጻነት ወደሚጠራበት ሱቅ ሴቶች ሌላም ነገር ይዘው መምጣት ጀመሩ። በ2015 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የተሻገረች ዘሀቢያ የምትባል እናት ልብስ ስትለካ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ ብትነግራቸው፣ ወይዘሮ ባየሽ በዚያው ሰዓት ሱቁን ቆልፈው ጎንደር ድረስ በአውቶቡስ ወሰዷት፤ ዳነችም። ከወሎ የመጣችውን የቀን ሠራተኛ መስቱራንም እንዲሁ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይሉ ነበር ለሁሉም።

ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በራሳቸው ገላ ያንኑ እብጠት ዳስሰው ሲያገኙ ለማንም አልተናገሩም። እኛ የቆላ ሰዎች ሠርጉንም፣ ክሱንም፣ ሕመሙንም "ሰሊጡ ይግባ" ብለን እናሳድራለን፤ የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬውን መሬት ላይ ያረግፋልና። እሳቸውም እንዲሁ አሉ። ሰሊጡ ገባ፣ ተወቃ፣ ተሸጠ፤ እሳቸው ከባለቤታቸውም፣ ነርስ ከሆነች ልጃቸው ከሀኒም ሰባት ወር ደበቁ። "ሰሊጥ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር፤ ያንን ሁሉ ስም የጠራሁት ሴትዮ የራሴን መጥራት አቃተኝ ብለህ ጻፍ" ያሉትን ወንድማቸው እያለቀሰ ጽፎታል።

በጎንደርና በአዲስ አበባ በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። የሞቱበት በሽታ የጡት ካንሰር ነው። የጡት ካንሰር! ወንድማቸው ብሎታል፤ ምድርም አልተሰነጠቀችም።

ወይዘሮ ባየሽ ባለቤታቸውን አቶ ፀሐዩን፣ ልጆቻቸውን ካሌብንና ሀኒን፣ ወንድማቸውን ደምለውን፣ እንዲሁም በፈቃዳቸው ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆጠሩ የጠየቁትን ዘሀቢያንና መስቱራን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ሐሩር በማይደርስበት፣ በቅዱሳኑ ጥላ ሥር ያሳርፍልን፤ አሜን። ከመካከላችሁም ይህን እየሰማች እጇ ወደ ደረቷ የሄደ እኅት ካለች፣ ሀኒ ከድንኳኑ በስተቀኝ ቆማለች፤ ቀብሩ እስኪያልቅ አትጠብቂ።