ጨዋን ማን እብድ አለው?

ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም የተቀደደውን የጋወኗን ኪስ ለማሰፋት ወደ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎራ ያለችው እንዲያው በመንገዷ ነበር። ሽማግሌው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እየሰፉ ያሳደጓት የሰፈሯ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ፊታቸው አልፈታ አለ። ውሻቸው ጨዋ እንኳ ነገሩ ገብቶት ከስፌት መኪናው ሥር ድምፁን አጥፍቶ ተኝቷል።

«ምነው አባባ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ምን ደኅንነት አለ ልጄ! የልጄ ልጅ ከተወለደች ዘጠኝ ወሯ፤ አንድ ቀን ቤቴን አልረገጠችም። እናትየዋ ‹ጨዋ ካልተከተበ ልጄን ይዤ አልመጣም› ብላ እርፍ! እንደ ባዕድ እየሄድኩ የማያት እኔ ነኝ።» መቀሱን ያለ ሥራ አነሱት፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ታዲያ ለምን አያስከትቡትም?»

«የምኑን ክትባት? የእብድ ውሻ ክትባት! እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ ይሄ እብድ ይመስልሻል? ስሙን እኮ ያወጣሁለት በጠባዩ ነው። ‹ውሻዬ አብዷል› ብዬ በሰው ፊት ልሰለፍ? ደግሞ ይመዘገባል አሉ፤ በእብድ መዝገብ!»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስድስት ዓመት አብሯቸው የኖረ ውሻ ስሙ እንዲጠፋ አይፈልጉም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ለክትባቱ ይህን ስም ያወጣው ሰው ቢገኝ አንድ ሁለት ነገር መባል ነበረበት።

«አባባ፣ ልጅዎን ሕፃን ሳለች የኩፍኝ ክትባት አስከትበዋታል?»

«እንዴታ! አቅፌ የወሰድኳት እኔ ነኝ።»

«ኩፍኝ ይዟት ነበር?»

«ኧረ ምን በወጣት! እንዳይዛት ነው እንጂ…» አሉና አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ሽማግሌ ቶሎ እጅ መስጠት አይወድም።

«ይሁን። ግን ጨዋ እኮ ከግቢ አይወጣም።»

«እሱ ባይወጣ የታመመው ይገባላ! አንድ ንክሻ ይበቃል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰውንም ውሻንም ለማዳን እጅግ ከባድ ነው፤ ይገድላል።»

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው ትዝ አለቻቸውና ደነገጡ። «መዝገቡስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«መዝገቡ የተከተቡና ባለቤት ያላቸው ውሾች የሚጻፉበት ነው። ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ቁጥር ያለው ምልክት አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። ቢጠፋ ቁጥሩን አይተው ያመጡልዎታል። ሰው ቢነክስ መከተቡ ወዲያው ይታወቃል። ያም ሆኖ የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት።»

«መታወቂያ በይኛ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «የእኔማ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ቆይ፣ ኪስሽን ልጨርስልሽና አብረን እንሄዳለን።»

በሐኪሟ ክሊኒክ ውስጥ መዝጋቢው ብዕሩን አዘጋጅቶ «ስሙ ማነው?» አለ።

«ጨዋ!»

«ጨዋነቱንማ እያየሁት ነው አባቴ፤ ስሙን ነው የጠየቅኩዎ።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሽማግሌውም አብረው ሳቁ። ጨዋ መርፌውን ሲወጋ እንኳ ድምፁ አልተሰማም።

ክትባቱ በደንብ እስኪሠራ አንድ ወር ያህል መጠበቅ፣ በየዓመቱም ማሳደስ እንደሚያስፈልግ ሐኪሟ ነገረቻቸው። ያን ወር በዝምታ አላሳለፉትም። ሱሪ ሊለካ የመጣውን ሁሉ ሜትሩን ወገቡ ላይ እንደጠመጠሙ «ውሻ አለህ? አስከትበሃል?» እያሉ ያፋጥጡታል። «የእኔ ውሻ አላበደም» የሚል ከተገኘማ አለቀለት! «እንዳያብድ ነዋ! ውሻህ ይተርፍልሃል፣ ልጅህ ትተርፍልሃለች፣ የጎረቤትህም ልጅ ትተርፋለች፤ አንተም እንቅልፍህን ትተኛለህ» ይሉታል፤ እሺ ሳይል ሜትሩን አይፈቱለትም።

ወሩ በሞላ ማግስት ልጃቸው በሩን አንኳኳች። የጨዋን የፈቃድ ወረቀት ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችና አባቷን አቅፋ ሳመች። «አባዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!» አለችና ሕፃኗን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

ሽማግሌው የጨዋን አንገት በአንድ እጃቸው ይዘው ተንበርከኩ፤ ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ ወደ አያትሽ!»

ሕፃኗ እየዳኸች መጣች። የተዘረጋውን እጅ አልፋ ሄደችና የጨዋን ጆሮ ያዘች።

«ኧረ እኔ ነኝ አያትሽ!» አሉ ሽማግሌው፣ ዕንባቸው በሳቃቸው መሐል እየወረደ።