የኤዶ ሀሊማ ግድግዳ

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ አስተማሪ ሆኜ የተከራየናት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረች፤ ሳሎኑም መኝታውም እሷው። ባለቤቴ የወለደች ሰሞን ታዲያ ጠያቂው አልጋው ሥር ድረስ ይገባል። ወንዶቹ ባልደረቦቼ ፊት ለፊቷ ሲቀመጡ ልጁን ማጥባት ጭንቅ ሆነባት። አንሶላ በገመድ ሰቅዬ ብጋርድላት፣ የጅጅጋ ንፋስ በሩን በርግዶ ገባና ዳይሬክተራችን ራስ ላይ ጣለው! እሳቸው ሳቁ፤ እሷ ግን ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

በማግስቱ አከራያችን ኤዶ ሀሊማ ጥቅል ነገር ተሸክመው መጡ። ኤዶ እዚያ አክስት ማለት ነው። ጥቅሉ ሀርሺን ገጠር ሲዳሩ እናታቸው ለጎጇቸው ግድግዳ እንዲሆን የጎነጎኑላቸው ወፍራም ምንጣፍ ነው። ከጣራው እንጨት ላይ አሰሩትና፣ "እንግዳ ሲመጣ ልቀቀው፤ ሲሄድ ጠቅልለው" አሉኝ። ንፋሱ ንቅንቅ አላደረገውም። እኛ በዚህ በኩል ሻይ ስንጠጣ፣ ልጄ በዚያ በኩል እፎይ ብሎ ይጠባል።

ስንዛወር ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። "ኤዶ፣ ግድግዳዎ ይኸው፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

ዕቃችን ወደተጫነበት መኪና ጠቆሙኝ። "ጫነው እንጂ! እኛ ስንሄድ ቤታችንን ግመል ላይ ጭነን ነው። ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?"