አምስተኛው ሰደርያ

ከጅዳ ወደ መካ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የወሎ ልጆች ያወራሉ። አንደኛው ወደብ ላይ፣ የኬሚካል መጋዘን ውስጥ የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ነው።

«ጋዝ ቢያፈተልክ ስንት ሆናችሁ ነው የምትደርሱ?»

«አምስት ነበርን። በአፈሳው አራቱን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የላችሁም ብለው ወሰዷቸው።»

«ተቆጣጣሪ አይመጣም እንዴ?»

«ትናንት መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአራቱን የሥራ ሰደርያ ቆጠረ፣ እኔ የለበስኩትን ጨመረ፣ አምስት ብሎ ፈረመ።»

«ሱብሃነላህ! ብቻህን ምን ልትሆን?»

«እኔስ ኢቃማ አለኝ? ኸላስ! ዛሬ አምስተኛውንም ሰቅዬ ወጣሁ። መካ፣ ኩዳይ ሰፈር አጎቴ ጋ እደበቃለሁ።»

«አሁን መጋዘኑን ማን ይጠብቃል?»

«ሰደርያው ነዋ።»

ከወደቡ አጠገብ ሰው ቤት ለምትሠራው፣ እሷም ኢቃማ ለሌላት እህቴ ደወልኩላት፤ ስታነሳው ግን ውጪ እንዳልላት አፈሳው፣ ተቀመጪ እንዳልላት ጋዙ፣ «ደህና ነሽ?» ብቻ ብያት ዘጋሁት።