ከወሰኑ መሀል የቀረው ሣር

ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ በነበረበት በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ወሰን ነበር። ከወሎ በሰፈራ መጥተው ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ አጠገብ የከተሙት ገበዝ ከፈለም ወሰናቸውን አጥብቀው ያውቃሉ። አንድ የኅዳር ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፀሐይ ቢያቃጥላቸው ማንጎ ጥላ ሥር ገቡ፤ የታሪክ አስተማሪው ዘርአብሩክ ተቀምጦ አገኙት።

“ገበዝ፣ እንደምን ዋሉ? ከአኙዋዎቹ ጋር የሣር ኮሚቴ እናቋቁም ያልኩዎትን አሰቡበት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት እስከ ወሰኑ አስመንጥሬአለሁ። የአጁሉ ሰዎችም የራሳቸውን ይመንጥሩ። ከራስ በላይ ንፋስ!”

“እሳቱን የሚያመጣው እኮ ያው ንፋስ ነው።”

ገበዙ ይህን አላጡትም። አምናም ሰፋሪዎቹና አጁሉ የምትመራው የአኙዋ መንደር የየራሳቸውን መንጥረው ነበር። መሀል የቀረው ባለቤት የሌለው መሬት ግን ሣሩ ከሰው ቁመት በለጠ፤ ሰደድ እሳቱ በዚያው ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን በላው። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ሥር ቀደሱ። አሁን አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ገና መልበሱ ነው፤ ይህም ከነደደ እንደገና ለመሥራት መንደሩ አቅም የለውም።

“ኮሚቴ ከገባን ግን ቤተ ክርስቲያናችን በሰው እጅ ትወድቃለች” አሉ።

“ገበዝ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የጀርመን አገር በመሳፍንትና በጳጳሳት ግዛት የተሸነሸነ ነበር። ሽፍታው አንዱን ግዛት ዘርፎ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ አሳዳጁ ወሰን ላይ ይቀራል። ኋላ ጎረቤታሞቹን በየአካባቢው አሰባስበው ‘ክበብ’ አሏቸው። ሰላሙን በጋራ ይጠብቃሉ፤ ወታደርም እንደየአቅማቸው ያዋጣሉ።”

“ጳጳሱስ ርስቱን ተነጠቀ?”

“የለም። ከመስፍኑ ጋር ተቀምጦ ይመክራል፣ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ርስቱ ይመለሳል።”

“አይጣሉም?”

“ይጣላሉ እንጂ! አንዳንዱ ክበብ መሰብሰብ እንኳ አቅቶታል። የተሰበሰቡት ግን ተጠቀሙ። ድር ቢያብር…”

“ተረቱን ለእኔ ተወው!” አሉ ገበዙ። ሆኖም አምና በእሳቱ ቀን አጁሉ ውሃ ተሸክማ፣ ሰዎቿን አስከትላ ስትሮጥ ታየቻቸው። ያን ቀን ወሰን የጠየቀ አልነበረም። አፈሩ።

“በል ተነሥ፤ ወደ አጁሉ እንሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ክበቡን ያመጣህ አንተ ነህና ገጀራም ትይዛለህ።”

ሁለቱ መንደሮች መሀሉን አብረው መነጠሩ፤ የተመነጠረው ሣር የሚቃጠልበትንም ቀን አብረው ቆረጡ፤ ጥበቃውን በየተራ ያዙ። በጥር ሰደዱ ሲመጣ ከምንጥሩ ደርሶ ከሰመ። ማሽላው ተረፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተረፈ። መስማማት ርስት እንደማይቀንስ ገበዙ በዓይናቸው አዩ።

“ምናልባት እንደገና ከነደደ” ብለው ያስቀመጡትን የቅዳሴውን ሸራም አውጥተው፣ ማሽላ እንድታሰጣበት ለአጁሉ ሰጧት።