ጋሽ ዘርጋው ያላመኑት ውጤት

(ጠዋት፣ የሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል፤ ጡረተኛው የወረዳ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ጫማቸውን አጥልቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ የምታክማቸው ዶክተር ምንትዋብ ፊት ለፊታቸው ቆማለች።)

ዘርጋው፦ ፈርሚልኝና ልውጣ አልኩሽ። ስንቴ ልበል?

ምንትዋብ፦ መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ፣ ጋሼ። ውጤቱ ደርሷል እኮ። ካንሰር አይደለም፤ የጨጓራ ቲቢ ነው፣ በኪኒን ይድናል።

ዘርጋው፦ እሰይ፣ አፌ ቁርጥ ይበልልሽ። አሁን ፈርሚ።

ምንትዋብ፦ አላመኑኝም።

ዘርጋው፦ ዕድሜዬን ችሎት ላይ ነው የጨረስኩት። የተጠና ምስክር አውቃለሁ። ልጄ አስካል ኮሪደር ላይ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትገባና «ትንሽ ቁስለት ነው፣ አባዬ» ትለኛለች። ባሏም «ቁስለት ነው» ይላል። ነርሷም «ቁስለት ነው» ትላለች። ይህ ሁሉ ምስክር፣ አንድ ቃል!

ምንትዋብ፦ ቤተሰቦችዎ እኔንም ለምነውኝ ዝም ብዬ ነበር። ያኔ ካንሰር መስሎን ነው።

ዘርጋው፦ አልቀየምኩም። ለበሽተኛ አይነገርም፤ ያደግንበት ነው። ጎረቤቴን መላኩን እስከ መጨረሻው «ትነሣለህ» ስለው የነበርኩ እኔው ነኝ።

ምንትዋብ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ።

ዘርጋው፦ ይጥራ። እኔ ግን እዚህ አላድርም።

ምንትዋብ፦ እንዴት እንደደረስንበት ልንገርዎት። የሆድዎ ፎቶ ላይ ጨጓራዎ ውስጥ የታየው እብጠት ቁርጥ ካንሰር ይመስል ነበር። ጨጓራዎን ልንቆርጥ ቀን ይዘን ነበር።

ዘርጋው፦ ምን አስቀራችሁ?

ምንትዋብ፦ በአፍዎ ቱቦ አስገብተን ከእብጠቱ ቆንጥረን ወሰድን፤ ካንሰር የለም። ደገምን፤ የለም። ከላይ ከላዩ ብቻ ወስደን ይሆናል ብዬ ከሥሩ ጠልቄ ወሰድኩ። የቲቢው ጀርም እዚያ ተገኘ።

ዘርጋው፦ አንድ ቀን እንኳ ሳልስል?

ምንትዋብ፦ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጨጓራ ላይ ማረፉ ግን ብርቅ ነው፤ ያሳሳተንም ይኸው ነው።

ዘርጋው፦ ብርቅ! መስቀለኛ ጥያቄ የበዛበት ምስክርም እንዲሁ ብርቅ ነገር ያመጣል። ተይኝ ልጄ፣ ደክሞኛል። አገሬ ገብቼ አባቴ አጠገብ ልረፍ።

ምንትዋብ፦ እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፣ እንደ ዳኛ ይመልሱልኝ።

ዘርጋው፦ ቀጥዪ።

ምንትዋብ፦ በሽተኛን ሊያጽናና የሚዋሽ ሰው፣ የትኛውን በሽታ ይመርጣል?

ዘርጋው፦ ቀላሉን ነዋ።

ምንትዋብ፦ ታዲያ ቲቢ ይላል? ጎረቤት ሲሰማ ብርጭቆ የሚለይበትን? ወራት ሙሉ በየቀኑ ኪኒን የሚያስውጠውን?

ዘርጋው፦ ቀጥዪ፣ እየሰማሁ ነው።

ምንትዋብ፦ አስካል ስነግራት መጀመሪያ ምን አለች መሰለዎት? «ወይኔ፣ የእድር ሰው እንዳይሰማ!»

ዘርጋው፦ እንዲህ አለች?

ምንትዋብ፦ እንዲህ አለች። ከዚያ እግሬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን የደስታ ነው፤ ፊት ታጥቦ የሚደበቅ ለቅሶ አይደለም።

ዘርጋው፦ ሰው የሚያፍርበትን ፈጥሮ አይዋሽም...

ምንትዋብ፦ ታዲያስ?

ዘርጋው፦ ቆይ፣ ይሄ ነገር ይተላለፋል አይደል?

ምንትዋብ፦ ሳንባም ውስጥ ካለ ይተላለፋል። ዛሬ እናየዋለን።

ዘርጋው፦ የልጅ ልጄ ሶስና ጉያዬ ውስጥ ነው የምትተኛው! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ፣ አስካልን ጥሪያት፤ ልጅቷን አሁኑኑ ታምጣና መርምሩልኝ!