ምልክት ያለባት ጽዋ፦ የአቶ ባፈና ሻዎ የሕይወት ታሪክ

የማኅበረ ምእመናናችን አባላት፣ ከሺሺንዳና ከዋጫ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶችና ለቀስተኞች፤ የወንድማችንን የአቶ ባፈና ሻዎን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ የጠየቀው እኔን፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ወልደ ጊዮርጊስን ነው። ለምን እኔን እንደመረጡ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ትናንት ግን ልጃቸው ዝማሬ ቁጭ አድርጋ ስትነግረኝ ገባኝ። ቢያሳፍረኝም አነባለሁ።

አቶ ባፈና ከአባታቸው ከአቶ ሻዎ ጋኖና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳነች አምቦ በ1939 ዓ.ም. ገደማ በማንኪራ ጫካ ዳር ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው የለም፤ እናታቸው ግን ማር የበዛበት ዓመት እንደነበር ይናገሩ ነበር። ወላጆቻቸው ከማንጃ ወገን ሲሆኑ፣ ከሰል አክስለው፣ እንጨት ፈልጠውና ቀፎ ሰቅለው ይተዳደሩ ነበር። ማንጃ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንደማይቀርብ፣ እርሱ በጠጣበት ዕቃም ሌላው እንደማይጠጣ ለካፋ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካለ ግን ይኸው ተናግሬዋለሁ።

በልጅነታቸው ከጎናቸው ለመቀመጥ የሚፈቅድ ልጅ ስላልተገኘ ከትምህርት ቤት ደጅ ተመልሰው፣ ፊደል የቆጠሩት ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። በዚያው ዘመን ከወይዘሮ ብርቅዬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፍቃዱንና ዝማሬን ወልደዋል። ልጆቻቸውን ለማስተማር ሲሉ ወደ ቦንጋ ዳርቻ ተጠግተው ጎጆ ቀልሰው፣ እንጨት ተሸክመው ገበያ እያወጡ፣ የሁለቱንም ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ኖረዋል።

በ1984 ዓ.ም. ተዘግታ የቆየችው የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ስትከፈት ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ፋሲካ ሲቃረብ ሥራ የሚፈታ ሰው የለም፤ ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሕማማቱን ታሪክ በቀለም ይሥላሉ፣ ወጣቶቹ ድራማ ያጠናሉ፣ እያንዳንዱ የቤት ኅብረትም አንድ አዲስ መዝሙር ደርሶ ያቀርባል። የቀረቡት መዝሙሮች ተወዳድረው የተመረጠው በሰሙነ ሕማማት ይዘመራል። ከ1985 ጀምሮ የሚመረጠው፣ እኛ በዜማ ዐዋቂነታችን የምንኩራራው ሰዎች ብንደክምም ባንደክም፣ አቶ ባፈና እንጨት ተሸክመው መንገድ ለመንገድ የደረሱት ሆነ። እርሳቸው ግን ሁልጊዜ በበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር፤ እኛም ነፋስ ስለሚወዱ ነው እንል ነበር። ነፋስ ወደው አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የትምህርተ ክርስቶስ ጊዜያቸውን ፈጽመው፣ በጸሎተ ሐሙስ ከሁላችን ጋር ለጌታ እራት ቀረቡ። በዚያን ጊዜ የምንጠጣው ሁላችንም ከአንዲት ጽዋ ነበር። አቶ ባፈና ጠጥተው ጽዋዋ ወደሚቀጥለው ሰው ስትዞር፣ የሚቀጥለው ሰው እኔ ነበርሁ፤ ሳል እንደያዘው ሰው አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። ከኋላዬ የነበሩትም አንዱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እያለ፣ ሌላዋ ልጇን ልትፈልግ እየወጣች ሰልፉ ተበተነ። ቄሱ ጽዋዋን እንደያዙ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ፤ አቶ ባፈናም ዞር ብለው ሁሉን አዩ።

ከፋሲካ በኋላ ጉባኤው ተሰብስቦ ለየሰዉ የሚታደሉ ትንንሽ ጽዋዎች ከአዲስ አበባ እንዲመጡ ወሰነ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ለጤና አጠባበቅ ሲባል» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽዋዎቹ ሲታጠቡ መቀላቀላቸው አይቀርምና ይህም ስላሳሰበን፣ ከመካከላቸው በአንዲቱ ሥር በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁባት፤ አዳዩም ያችን ሁልጊዜ ከትሪው ጠርዝ አኑሮ ለአቶ ባፈና ያቀርብላቸው ነበር። ይህ ለአሥራ ሦስት ዓመት ተደርጓል። እርሳቸው አያውቁም ብለን እናምን ነበር።

ዝማሬ ግን በአሥራ አምስት ዓመቷ መዘምራን ውስጥ ገብታ ዕቃ ስታጥብ ምልክቷን አግኝታ፣ ምን እንደሆነች ገብቷት እያለቀሰች ለአባቷ ነገረቻቸው። እርሳቸውም «ተይው ልጄ፣ ወይኑ ከአንድ ጠርሙስ ነው የሚቀዳው» አሏት፤ ለማንም እንዳትናገር አስማሏት። ከእርሷ ቀድመው ያውቁ እንደነበር ያን ቀን ተረዳች፤ እኔም ከእርሷ አፍ የሰማሁት ትናንት ነው። ጽዋዎቹ በመጡ ዓመት በቋንቋችን በካፊኖኖ የደረሱት መዝሙር ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

ከእኔ በኋላ የጠጣህ፣ አፌን ያልተጸየፍህ፣
ጌታዬ አንተ ብቻ፣ ጽዋዬን የተቀበልህ።

ይህን መዝሙር በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ዘምረነዋል፤ እንባችን እየፈሰሰ፣ እጃችንን እያነሣን። ስለ ማን እንደተጻፈ አንዳችንም አልጠየቅንም፤ ሲዘመር ደግሞ ትሪው በመካከላችን ይዞር ነበር።

አቶ ባፈና ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ በጉበት ሕመም ተይዘው፣ በሐኪም ሲረዱ ከቆዩ በኋላ ቤታቸው ተኙ። በመጋቢት መጀመሪያ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ወይዘሮ ብርቅዬ ብርዝ በብርጭቆ ቀድተው አቀረቡልኝ። «ጾም ላይ ነኝ» አልሁ። አቶ ባፈና እኛ ሉተራኖች ብርዝ የሚከለክል ጾም እንደሌለን በደንብ ያውቃሉ፤ ፈገግ ብለው «ይጠንክሩ ጋሼ» አሉኝና ስለ ዘንድሮው መዝሙር ያወሩኝ ጀመር። ደግሜ ሄጄ ሳልጠይቃቸው፣ ሆሳዕና አምስት ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 29 ቀን 2001 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ባፈና ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ ቁጡ ቢሆኑ ኖሮ ለእኛ ይሻለን ነበር። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብርቅዬን፣ ልጃቸውን መምህር ፍቃዱን፣ ልጃቸውን ዝማሬን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና በጣት የማይቆጠሩ መዝሙሮችን ትተውልናል።

ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ በተቀመጥንበት ለቅሶ ወይዘሮ ብርቅዬ ያቀረቡት ምግብ እንደተከደነ መመለሱን ሁላችን አይተናል፤ ሁላችንም በልተን ነበር የመጣነው። ስለዚህ ዝማሬ ትናንት ያለችኝን ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ፦ «የአባቴን መዝሙር ቤታችን ገብተው የበሉ ሰዎች ይዘምሩት።» ከመካከላችን ማን እንደሚችል እያንዳንዳችን እናውቃለን። እኔ አልችልም። ትናንት ማታ የመዘምራኑን አባላት አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ እነርሱም አይችሉም።

የማይጸየፍ ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በማዕዱ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ብርቅዬና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥልን፤ ለእኛም ከዚህ ኀፍረት በፊት ያልነበረንን ልብ ይስጠን። አሁን ተነሥተን ወንድማችንን እንሸኛለን፤ አስከሬናቸው ሲወጣ መዝሙር አይኖርም።