የአባ ይቅርታ ትሁት ውሸት

አባ ይቅርታ ፈረቃቸውን አስረክበው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ዶፍ ዝናብ ያዛቸው። አውቶቡስ መጠበቂያው ጣሪያ ሥር ዘው ቢሉ የእህታቸው ልጅ የላስቲክ አቃፊዋን በጉያዋ ሸጉጣ ቆማለች።

አባ ይቅርታ ቅጽል ስማቸው ነው። የአንድ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ በር ጠባቂ ናቸው፤ እንግዳ ሲያስገቡም ሲመልሱም ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው «ይቅርታ» ነው። የሠፈሩ ሰው ለዚህ ትሕትናቸው ይወዳቸዋል። ባለሕንፃዋም ትወዳቸዋለች፤ የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነው።

የቤተሰቡን ደኅንነት ከተጠያየቁ በኋላ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ያ የዘር መድልዎ ተከላካይ ኮሚሽን የምትሉት መሥሪያ ቤታችሁ አሁንም አለ?»

«እየተንገዳገደም ቢሆን አለ፣ አጎቴ።»

«ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው እኮ፣ ልጄ። ሰው የሰውን መልክ መጥላቱን በስብሰባ ታስቀሩታላችሁ?»

ልጅቱ አልተቀየመችም። ጥላቻን ከልብ ነቅሎ ማውጣት የኮሚሽኑ ሥራ እንዳልሆነ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ሥራው በዘሩ ወይም በቆዳው ቀለም ምክንያት ቤት፣ ሥራ ወይም ትምህርት የተከለከለ ሰው ሲመጣ አቤቱታውን መቀበል፣ ማጣራት፣ ማስማማት ነው፤ አልሆን ሲልም በዳዩን ፍርድ ቤት ማቆም። ችግራቸውንም አልደበቀችም። መርማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፣ በጀቱ የሳሳ ነው፣ የተበደለውም ሰው ማን ይሰማኛል እያለ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀራል።

«ከሁሉ የሚያስቸግረን ግን» አለች፣ «የዘንድሮ መድልዎ አይሳደብም። የተበደለው ሰው ራሱ አመስግኖ ይሄዳል።»

«ይኼ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«አንድ ባልደረባዬ የያዘው ጉዳይ አለ። ሕንፃውን አላውቀውም፣ ባውቀውም አልነግርዎትም። ጠቆር ያለች ነርስ ከሆስፒታሏ አጠገብ ክፍል ልትከራይ ትሄዳለች። ጥበቃው ወንበራቸውን ለቀው ያስቀምጧታል፣ ውሃ ያጠጧታል፣ ከዚያ ተከራይቷል ይሏታል። መርቃቸው ትሄዳለች። በማግስቱ ቀላ ያለች ጓደኛዋ ያንኑ ክፍል ትከራያለች። ነርሷ ይህን ስታውቅ እኛ ዘንድ አቤት አለች፤ አሁን ግን ምስክር ስለጠፋ መዝገቡ ሊዘጋ ነው። ጥበቃውን እንጥራቸው ስትባል፣ ደግ ሰው ናቸው፣ በእኔ የተነሳ ከሥራ አይውጡ ብላ እምቢ አለች።»

አባ ይቅርታ ነርሷን አስታወሷት። ባለሕንፃዋ «እነዚያ ከመጡ ተከራይቷል በል» ብላ ያዘዘቻቸው ገና ሲቀጠሩ ነው። እነዚያ ማለት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እሷ ወጥታ ክፉ ከምትናገራቸው እኔ በለሰለሰ አፍ ልሸኛቸው ብለው ሲያደርጉት ኖረዋል፤ እንዲያውም ጽድቅ ይመስላቸው ነበር። ሰው ማታለል ሲጀምር ከራሱ ነው የሚጀምረው።

«ሰውየው ክፉ ነው ትያለሽ?» አሉ።

«አይደሉም። ግን ደግነታቸው በደሉን ሸፈነው። ተሰድባ ቢሆን ያኔውኑ ትከስ ነበር።»

«እኔ ነኝ ልጄ። ሰውየው እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ደንግጣ ክንዳቸውን ያዘች። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ዕድሜያቸው መግፋቱን፣ የሚስታቸውን መድኃኒት የሚገዛው ይኸው ደመወዝ መሆኑን፣ ዝም አይነቅዝም መባሉንም ተናገሩ።

«አልዋሽዎትም» አለች። «ስለመሰከረ ሠራተኛን ማባረር ሕጉ ይከለክላል። ቢያባርሩዎት ኮሚሽኑ ይከራከርልዎታል፤ ክርክሩ ግን ሊጓተት ይችላል። ጥርስ የላችሁም አሉን። ጥርሳችን እኮ እንደ እርስዎ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ በምን እንነክሳለን?»

ዝናቡ አባራ። አባ ይቅርታ ከቤታቸው በፊት ወደ ቢሮዋ አብረዋት ሊሄዱ ተነሡ። እሷ ግን ዘመዳቸው ስለሆነች ቃላቸውን ራሷ መቀበል እንደማትችል ነግራ እስከ ባልደረባዋ በር ብቻ አደረሰቻቸው።

ባለሕንፃዋ ኮሚሽኑ ዘንድ ስትጠራ መጀመሪያ ካደች። ሽማግሌው ትእዛዟን ፊት ለፊቷ ሲናገሩ ግን መሸሻ አጣች። ነርሷን ይቅርታ ጠየቀች፣ ቀጥሎ የሚለቀቀውን ክፍል ልትሰጣት ፈረመች፣ ከእንግዲህም ባዶ ክፍል ሲኖር በሩ ላይ ማስታወቂያ ሊለጠፍና የመጣ ሁሉ ገብቶ ሊያይ ተስማማች። አባ ይቅርታን ማባረር ቢያምራትም ሕጉን ፈርታ በኩርፊያ ተወችው። ኩርፊያ ደግሞ ደመወዝ አይቆርጥም። ከዚያ ወዲህ ክፍሎቹ ባዶ አይከርሙም፣ ነርሷ በእግሯ ሥራ ትደርሳለች፣ የሚጠብቃትም በሽተኛ በሰዓቱ ይታከማል። አንድ ሰው በመናገሩ ይህ ሁሉ ሆነ።

ነርሷ ዕቃዋን ይዛ የመጣች ዕለት አባ ይቅርታ ከወንበራቸው ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን እንደ ዘር ሲበትኑት የኖሩት ቃል ያን ጊዜ አልወጣ አላቸው።

«ያን ዕለት ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

«አውቃለሁ አባቴ» አለች። «የመሰከሩልኝ እርስዎ አይደሉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ሻንጣዋን አነሡና ደረጃውን ከፊት ከፊቷ ወጡ።